«ጚ» ፊደልና ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች

ዘመኑ 1995 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። የቆሰበርን ሐምሌ ያየ ያውቀዋል፤ ጧት የጀመረው ዝናብ ማታ ቢያባራ እንደ ጸጋ የሚቆጠርበት ወር ነው። ለማያውቃት አንባቢ ቆሰበር ማለት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ ዛሬ በይበልጥ እንጅባራ እየተባለች የምትጠራው የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚያ ዝናብ፣ በላስቲክ የጠቀለልሁትን ደብተር ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባሁ። በደብተሩ ውስጥ ከአዛውንቶች አፍ እየለቀምሁ ያጠራቀምኋቸው የአገውኛ ቃላት ነበሩ። አስተይቤ ለማስቀመጥ ነበር ሐሳቤ።

ጸሐፊዋ ገና ርእሱን እንደ ጀመረች እጇን ከገበታው ላይ አነሣች።

«ጋሼ፣ ይቺ ፊደል እኮ እዚህ የለችም።»

«የቷ?»

«ይቺ ጭንቅላቷ ላይ የተጨመረባት ‹ጊ›።»

ርእሱ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አውጚ»። የቋንቋው የራሱ ስም ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ «ን» እና «ግ» ተዋሕደው በአፍንጫ የሚወጡበት ነው። አማርኛ ይህን ድምፅ ለብቻው ስለማይጽፈው «አውንጊ»፣ «አውኚ»፣ «አዊኛ» እያለ ያልፈዋል። እንግዲህ አስቡት፤ መኪናው የማንም ሰው ስም ሊጽፍ ይችላል፤ የቋንቋዬን ስም ግን ሊጽፍ አይችልም። ጸሐፊዋ ብልህ ነበረች። «ጊ» እያለች መታችውና ወረቀቱ ሲወጣ የጎደለውን ምልክት በእስክርቢቶ እንድጨምርበት ነገረችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጭረት ስጨምር ዋልሁ።

መከራዬ ግን በዚህ አላበቃም። ጽሑፉን በፍሎፒ ዲስክ ይዤ ባሕር ዳር ወርጄ በሌላ ኮምፒውተር ብከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ገጹ በሙሉ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተሞልቷል። «ሲጻፍ የነበረው ሶፍትዌር እኛ ጋ የለም» አሉኝ። በዚያን ዘመን አማርኛ በኮምፒውተር ያስጻፈ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ያቺ «ጚ» ከየት ተነሥታ የት ደረሰች የሚለውን ነገር ስከታተል ብዙ ዓመት አለፈኝ። ዛሬ የምጽፈውም የእሷን ታሪክ ነው። በታሪኩ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው ለሁሉ የሚሆን ሥራ የሠሩ ሰዎች ጉዳይ።

ሁሉም የየራሱን ቁጥር በሰጠበት ዘመን

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። «ሀ» ይህ ቁጥር ነው፣ «ለ» ያ ቁጥር ነው ተብሎ ሲነገረው በየቁጥሩ የተሣለውን ምስል ያወጣል። በአገራችን የኮምፒውተር ጽሕፈት ሲጀመር ሶፍትዌር የሠራው ሁሉ ለፊደሎቻችን የየራሱን ቁጥር ሰጠ። ቦታው ደግሞ ጠባብ ነበር። የዚያን ጊዜው ሥርዓት በአንድ የፊደል ሠንጠረዥ የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ነው። የእኛ ፊደል ከነቤተሰቡ ከዚያ ስለሚበልጥ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ከፍሎ አስቀመጠው፤ ሌላው ቅጥያውን ለብቻ እየለየ ቀጣጠለው፤ ሌላው «አያስፈልጉም» ያላቸውን ተዋቸው። ከተተዉት መካከል የአገው ፊደሎች ነበሩበት። ለገበያ የሚሠራ ሰው ገዢ የሌላትን ፊደል ለምን ይቀርጻል?

ነጋዴዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ብዙ ለፍተዋል፤ ጋዜጣና መጽሔት የታተመው በእነሱ ሥራ ነው። ችግሩ ሥራቸው የተዘጋ መሆኑ ነው። የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ባለሙያዎቹ «ሶርስ ኮድ» የሚሉትን፣ ከሠሪው በቀር ማንም አያየውም። ስለዚህ እኔ «ጚ»ን ልጨምር ብል፣ ዕውቀቱም ቢኖረኝ፣ የምገባበት በር አልነበረም።

በሩን የከፈቱት

በሩ በሌላ አገር፣ በሌላ ምክንያት ተከፈተ። በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ በተባለው ተቋም ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው አንድ አታሚ መኪና ያስቸግረዋል። ወረቀት በተቀረቀረ ቁጥር ሰው ሁሉ ሳያውቅ ይጠብቃል። ስቶልማን በቀድሞው መኪና ላይ እንዲህ ያለውን ችግር ራሱ ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሠራተኛው ሁሉ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ነበር። የአዲሱን ግን ሶርስ ኮድ ሲጠይቅ ተከለከለ። ይህ ነገር ከነከነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1983 «ግኑ» የተባለውን ሥራ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለው፣ ሊያካፍለው የሚችል አድርጎ እንደሚጀምር አስታወቀ። ይህንኑ መብት በሕግ የሚያስጠብቀውን የፈቃድ ውል እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991 «ለመዝናናት ያህል የምሠራት ነገር አለችኝ፤ አስተያየታችሁን ስጡኝ» የሚል መንፈስ ያለው መልእክት ላከ። ያቺ ነገር ሊኑክስ ሆነች። የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጡ እሷ ናት። «ኦፕን ሶርስ»፣ በእኛ «ክፍት ምንጭ» የሚለው መጠሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ወደ ፊደላችን ልመለስ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የሚባሉ ሰዎች ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ ምንም ሳይጎድል መልሶ ወደ ግዕዝ ፊደል ለመለወጥ የሚያስችል ነው። ዛሬ በስልካችን በላቲን ድምፅ እየመታን አማርኛ ስናወጣ የምንሄድበት መንገድ ከዚያ ዓይነቱ ሥራ የመጣ ነው። ሥርዓቱን ለማንም ክፍት አደረጉት።

ቀጥሎ የሆነው ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በጃፓን ናኦቶ ታካሃሺ የሚባል ተመራማሪ ይህን ሥርዓት ወሰደና ኢማክስ በተባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም ውስጥ የግዕዝን ፊደል አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሃያኛው ኢማክስ ፊደላችንን ይዞ ወጣ። ጃፓናዊው የእኛ ሥጋ ዘመድ አይደለም። ሶርስ ኮዱ ክፍት ስለነበረ ገባ፤ ሠራ፤ ለሚመለከታቸው አሳየ፤ ተቀበሉት። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ በልዩ ልዩ ቋንቋ ሰላምታ የሚያሳይ አንድ ገጽ አለ፤ አማርኛም አለበት።

የሁሉም ቁጥር አንድ እንዲሆን ያደረገው ደግሞ ዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ሶፍትዌር አይደለም፤ የዓለም ፊደል ሁሉ የጋራ የቁጥር መዝገብ ነው። ሆኖም ማንም ሰው ማስረጃ ይዞ ሐሳብ ሊያቀርብለት ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ 345 ምልክት ይዞ ገባ። «ሀ» 4608 ሆነች። የአገው ፊደሎችም አልተረሱም፤ «ጘ» 4888፣ የእኔዋ «ጚ» 4890 ቁጥር ተሰጣቸው። ቤተሰቡ ግን አልተሟላም ነበር። ስምንተኛዋ «ጟ» የገባችው ከስድስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከእሷ ጋር የሌሎች ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደሎችም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጋሞ፣ የጎፋ፣ የዳውሮና የጉሙዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የጉራጌ ፊደሎች ተጨመሩ። በየጊዜው አንድ ሰው «ይሄ ይጎድላል» ብሎ ስለ ተነሣ ነው።

ያን ሐምሌ እኔ ቆሰበር ላይ ጭረት ስጨምር ለካ «ጚ» ቁጥር ካገኘች አራተኛ ዓመቷ ነበር! በመዝገብ አለች፤ በመኪናው ላይ ግን የለችም። ቁጥሩን ወደ እጃችን የሚያመጣው ሌላ ሥራ ነው። ፊደሉን የሚቀርጽ፣ የትየባ ገበታ የሚያዘጋጅ፣ የወራትንና የቀናትን ስም የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። በሊኑክስ ውስጥ የአማርኛን የቀንና የወር ስም የያዘው ፋይል የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ስም ተጽፎበታል። ድርጅቱ የዳንኤል ያዕቆብ ነው። ኪይማን የተባለው የትየባ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ሶርስ ኮዱን ክፍት ሲያደርግ የዚሁ ድርጅት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ገበታዎች አብረው በግልጽ ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ የአውጚ ነው።

እኔም ልሞክር ብዬ

ታሪክ እንዲህ ሲነበብ ሥራው የሊቃውንት ብቻ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ኮድ መጻፍ አልችልም። ወደ ሥራው የገባሁት በንዴት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የተማሪዎቹን ውጤት በኮምፒውተር ሞልቶ ሲጨርስ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አየ። «ያልሁትን ተወው» ማለት መስሎት ነካው። ፋይሉ ጠፋ። ነገሩን ሳጣራ አስተርጓሚዎቹ ፈረንጆቹ «ካንስል» የሚሉትንም «ዲሊት» የሚሉትንም «ሰርዝ» ብለዋቸዋል። አንዱ «ተው» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «አጥፋ» ማለት ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ምንጭ ስለነበረ «ማንም ሊያርም ይችላል» የሚል ነገር አነበብሁ። እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጬ አርባ አንድ ቃል አረምሁና በአንድ ላይ ላክሁ። ምክንያት አልጻፍሁም። ትክክል መሆኔን የማያይ ማን አለ ብዬ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። «እናመሰግናለን፤ ግን አልተቀበልነውም። አንድ በአንድ ለያይተህ፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት ጽፈህ ላክልን» ይላል። ተናደድሁ። በነጻ ሠርቼላቸው ደግሞ ፈተና! ሁለት ወር አኩርፌ ቆየሁ። ኩርፊያው ሲበርድልኝ ግን ራሴን በእነሱ ቦታ አስቀመጥሁ። አማርኛ የማያውቅ ሰው አርባ አንድ የማያውቃቸው ቃላት ከማያውቀው ሰው ሲደርሱት ምን ያድርግ? ከአርባ አንዱ አንዱ ስድብ ቢሆንስ?

ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ኤክስ ዜድ የተባለ በብዙ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የሚጠብቀው አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ ነበር። አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየላከ አመኔታውን አገኘና በመጨረሻ ሥውር በር አስገባበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ባለሙያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለ ዘገየበት ብቻ ተጠራጥሮ መረመረ። በክፍት ምንጭ ሥራ ውስጥ የሚላክ ሁሉ የሚመረመረው ለዚህ ነው። ደግሞም ሥውሩ በር ሊገኝ የቻለው ምንጩ ክፍት ስለሆነ ነው።

እኔም እንደ ገና ጀመርሁ። የተማርሁትን ለአንባቢ ባጭሩ ልንገር።

መጀመሪያ የምትጠቀምበትን ፕሮግራም ምረጥ። ያልተጠቀምህበትን ነገር ጉድለት አታውቅም። ከዚያ ፕሮግራሙ የሥራ ተሳታፊዎች መመሪያ ካለው አንብብ፤ የፈቃድ ውሉንም እንዲሁ። የላክኸው ሥራ በዚያ ውል መሠረት የሁሉ መሆኑን አውቀህ ግባ። ቀጥሎ ያየኸውን ጉድለት ሌላ ሰው አስቀድሞ አመልክቶ እንደ ሆነ መዝገቡን ፈልግ። ካላመለከተ አንተ አመልክት፤ ምን አደረግህ፣ ምን ጠበቅህ፣ ምን ሆነ፣ ፕሮግራሙ ስንተኛው እትም ነው? እነዚህን አራት ነገሮች በግልጽ የጻፈ ሰው፣ አንድ መሥመር ኮድ ባይጽፍም ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ማረም የሚፈልግ ደግሞ ዋናውን አይነካም። የሥራውን ቅጂ ለራሱ ይወስዳል፤ «ፎርክ» ይሉታል። በቅጂው ላይ አንድ ነገር ብቻ ያርማል። ምን እንዳረመና ለምን እንዳረመ ባጭሩ ይጽፍና ዋናዎቹ ጠባቂዎች እንዲቀበሉት ይጠይቃል። ይህን የመሰለውን ሥራ ከዳር እስከ ዳር የሚመዘግበው ጊት የተባለ መሣሪያ ነው፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ያው ቶርቫልድስ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መሥመር እንደ ለወጠ ስለሚመዘግብ የማንም ድካም አይጠፋም፤ የማንም ስሕተትም አይደበቅም።

ምክንያት መጻፍ ያልሁት ቀላል አይምሰላችሁ። የኢማክሱ የሰላምታ ገጽ የአማርኛውን ቃል በንጉሡ «ሠ» «ሠላም» ብሎ ነው የጻፈው። ለእኛ ጆሮ ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተር ግን «ሠ» 4640፣ «ሰ» 4656 ናቸውና ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በግዕዙ ሥርዓት ቃሉ በእሳቱ «ሰ» ነው የሚጻፈው። ታዲያ አንድ ሰው ይህን ላርም ቢል «ትክክሉ ይሄ ነው» ብሎ መላክ አይበቃውም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት የመሰለ ምስክር መጥቀስ አለበት። ስልኮቻችን ላይ የምናየው «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» የሚለው አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ይሥቅበታል። ቃሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አንድ ቀን አንድ ፈቃደኛ ሰው ሞልቶት ነው። ሊያሻሽለው የሚፈልግ ሐሳብና ድምፅ የሚሰጥበት ክፍት ሥርዓት አለ። ስንቀልድበት የኖርነውን ያህል ብንጽፍበት ኖሮ የት በደረስን!

ለማንኛውም እኔ «ካንስል» የሚለው ብቻ «ተው» እንዲባል፣ የባልደረባዬን ነገር በሦስት መሥመር ጽፌ ላክሁ። በአራተኛው ቀን ተቀበሉት። አንዲት ቃል ናት። ግን በሚቀጥለው እትም ውስጥ ስከፍተው «ተው» ትላለች። ከአርባ አንዱ ቃል ውስጥ እስካሁን አሥራ ሰባቱን አስገብቻለሁ። ስድስቱን ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ተከራክሮኝ ረትቶኛል፤ ትክክልም ነበረ።

ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?

ይህን ነገር ለአገሬ ሰው ሳወራ «ደቦ ነዋ!» ይለኛል። ይመስላል፤ ግን አይደለም። በደቦ ማሳው ባለቤት አለው፤ ጠላውና ምሳው የእሱ ነው፤ ምርቱም የእሱ ነው። በወንፈል ደግሞ ዛሬ ለአንተ የሠራሁትን ነገ ለእኔ ትመልሳለህ። ክፍት ምንጭ ሁለቱንም አይደለም። ማሳው የማንም ነው፤ ያልዘራውም ያጭዳል። ባለጸጋ ኩባንያዎች በጎ ፈቃደኞች በሠሩት ላይ ቆመው ያተርፋሉ፤ አንዳንዱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ዞሮም አያይም። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለምን ኢንተርኔት ያስደነገጠው «ሃርትብሊድ» የተባለው ስሕተት የተገኘበት ፕሮግራም በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጠብቁት ነበር። ይህን በደል መካድ አይገባም።

እኛስ ከአጫጆቹ ወገን አይደለንምን? የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ ሁለት የተባለው ሥርዓት ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክፍት ምንጭ ነው። የፋይዳ መታወቂያችን የቆመበት ሞሲፕም በሕንድ ባንጋሎር የተሠራ ክፍት ምንጭ ነው። ከክፍት ምንጭ ያልወሰደ መሥሪያ ቤት ማግኘት ይቸግራል። መውሰዱ ነውር አይደለም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ግን ሁልጊዜ ወሳጅ የሆነ ሰው ሌላው በቀረጸለት ልክ ብቻ ይኖራል። ለእንግሊዝኛ የሚያስብለት ሞልቷል። ለአውጚ፣ ለኽምጣኛ፣ ለአማርኛም ቢሆን እኛ ካልሠራን ጃፓናዊው ሁልጊዜ አይመጣልንም።

ለአገው ሕዝብ ያለ ደመወዝ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። እዚሁ በእኛ አገር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ የሚወጣው ሰው ከማንም አበል አይቀበልም። አባት ሲያረጅ ልጁ ኮርቻውን ይረከባል። ማኅበሩን ከሰማንያ ዓመት በላይ ያቆየው ይህ ርክክብ ነው። የፊደላችን ሥራ ግን እስካሁን በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው ያለው። እነሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ኮርቻውን የሚረከበው ማነው የሚለው ነው። እንጅባራ ላይ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኮምፒውተር የሚማሩ፣ አውጚ በአፋቸው የፈቱ ልጆች አሉበት። እኔ ኮድ አልችልም፤ እነሱ ይችላሉ።

ባለፈው ሰሞን ያቺን ዝናብ የመታትን ደብተር አውጥቼ ራሴ መተየብ ጀመርሁ። ርእሱን መታሁ፤ «አውጚ»። በእስክርቢቶ መጨመር ሳያስፈልገኝ «ጚ» ከነጭረቷ ወጣች። ለልጄ ላክሁላት፤ በእሷም ስልክ ላይ እንዳለች ተነበበች። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ቃሉን ሳልጨርስ ፕሮግራሙ ከሥሩ ቀይ መሥመር አሰመረበት፤ «ይህን ቃል አላውቀውም» ማለቱ ነው። ቀጣዩንም፣ የዚያን ቀጣይም አላወቀውም። ገጹ በሙሉ ቀላ።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ቆይቼ ግን ሳስበው የማያውቀው ማንም ስላልነገረው ነው። የፊደል ማረሚያ ማለት ሌላ ምንም አይደለም፤ አስቀድሞ በትክክል የተጻፉ ቃላት ዝርዝር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ኮድ መቻል አያስፈልግም። ዝርዝሩ ደብተሬ ውስጥ አለ። ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ሆኗል፤ ውጭ እንደ ልማዱ ይዘንባል። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ቃላት ለብቻ አድርጌ፣ ከማን እንደ ሰማኋቸው ከነምክንያታቸው እየጻፍሁ ነው።